ባሩዱ ሳይነድ ሲቀር፦ «ጨምርበት» ከማለት በፊት

የአደን ወራት በደረሰ ቁጥር ስለ ጠመንጃና ስለ ጥይት መጠየቅ የተለመደ ነው። በዚህ እትም የምንመልሰው ጥያቄ ሶዶ ውስጥ በመጋዘን ሥራ የሚተዳደሩ አንድ አንባቢያችን ያቀረቡት ነው። ሶዶ ስንል የወላይታው ወይም የጉራጌው ሶዶ ትዝ ለሚላችሁ፣ የምንናገረው ስለ ሲያትሉ፣ ከመሐል ከተማው በስተደቡብ ስላለው የመጋዘንና የባቡር ሐዲድ ሰፈር ነው።

ጥያቄያቸው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ለሠላሳ ኦ ሲክስ ጠመንጃዬ ጥይት የምሞላው እኔው ራሴ ነኝ። በሐምሌ ሞክሬው ደኅና የነበረው ጥይት በኅዳር ተራራ ላይ ስተኩሰው ድምፁ ቀነሰብኝ፤ ርግጫውም ለሰለሰ። ወደ ቱቦው ስመለከት ያልነደደ የባሩድ ፍሬ ተበትኖ አገኘሁ። የቀለሁ አንገትም ጥላሸት ለብሷል። አንድ ወዳጄ ‹ባሩዱ አንሶ ነው፣ ጨምርበት› አለኝ። ልጨምር ወይስ ባሩዱን ልጣለው?»

ጠያቂያችን ሆይ፣ አይጨምሩ። ባሩዱንም ገና አይጣሉት። ወዳጅዎ የመከረዎት ከቅን ልብ እንደሆነ አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ይህ ምክር ሰው የሚያስጎዳ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ቱቦውን

ድምፁ የቀነሰና ርግጫው የለሰለሰ ጥይት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ እርሳሱ ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ጉልበት ያነሰው ጥይት እርሳሱን አፈሙዙ ድረስ ሳያደርስ ቱቦው መካከል ሊያስቀረው ይችላል። ይህን ሳያዩ ሌላ ጥይት ቢያቀባብሉና ቃታ ቢስቡ፣ የኋለኛው እርሳስ ከፊተኛው ጋር ይላተምና ቱቦው ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ጣትም ዓይንም የሚጠፋው፣ አጠገብ የቆመ ሰውም የሚጎዳው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ድምፁ እንግዳ ከሆነ «እስቲ አንድ ጊዜ ልድገመው» ማለት የለም። ጥይቱ ጭራሹን ካልተኮሰ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላልና አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀኑ ከ30 ሰከንድ ያላነሰ ይጠብቁ፤ አንድ ደቂቃ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያም ጠመንጃውን ባዶ አድርገው፣ ቦልቱን አውጥተው፣ ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን ይመልከቱ። ቱቦው ወለል ብሎ ካልታየ የዚያን ቀን አደን አብቅቷል፤ ጠመንጃው ወደ ጠመንጃ ጠጋኝ ይሂድ። የተቀረቀረውን በሌላ ጥይት አስወጣለሁ ብሎ መሞከር ፈጽሞ አይገባም።

ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ጥቂት የባሩድ ፍሬ ብቻ ከተገኘበት ግን አደጋው ገና አልደረሰም፤ ምክንያቱን ለመፈለግ ጊዜ አለ።

ባሩድ እንዴት ይነድዳል?

የሰፈራችን ስም ራሱ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ሶዶ የሚለው ስም በመጀመሪያ የወጣው «ከዶሙ በስተደቡብ» ለማለት ነበር። ያ ኪንግ ዶም የተባለው ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ1976 ተከፍቶ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2000 በፈንጂ ከ20 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፍርስራሽ ሆነ። ያን ሁሉ ኮንክሪት የናደው ፈንጂ ለመፈንዳት የማንንም ግፊት አይለምንም። የዘመኑ የጠመንጃ ባሩድ ግን እንደዚያ አይደለም። ባሩድ ይነድዳል እንጂ እንደ ድማሚት አይፈነዳም፤ አነዳደዱም በግፊት ይወሰናል። ፕራይመሩ ሲመታ እሳት ይረጫል፤ እሳቱ የባሩዱን ፍሬ ያያይዘዋል፤ የሚወጣው ጋዝ በቀለሁ ውስጥ ይታፈንና ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱ ደግሞ ባሩዱን ይበልጥ ያነድደዋል። በአሜሪካ የጥይት አምራቾች ደረጃ መሠረት ለሠላሳ ኦ ሲክስ የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 60,000 ፒ ኤስ አይ ነው። የታክሲያችን ጎማ የሚነፋው በ35 ገደማ መሆኑን ስናስብ ምን ዓይነት ኃይል ከጉንጫችን አጠገብ እንደሚታፈን እንረዳለን።

እንጀራ የጋገረ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ምጣዱ በደንብ ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ምጣዱ ግሎም አክንባሎው ቶሎ ከተነሣ ሊጡ ሳይበስል ይቀራል። ጥይትም እንዲሁ ነው። የፕራይመሩ እሳት ካነሰ ወይም እርሳሱ ግፊት ሳይጠራቀም ከቀለሁ አፍ ከወጣ፣ ባሩዱ ከነጥሬው ቱቦው ውስጥ ይበተናል።

ጥላሸቱም ምክንያት አለው። በቂ ግፊት ሲኖር የነሐሱ አንገት ያብጥና ከጠመንጃው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ጋዙን ይዘጋዋል። ግፊቱ ሲያንስ አንገቱ አይጣበቅም፤ ጋዙ በጎን ሾልኮ ወደ ኋላ ይመለስና ነሐሱን ያጠቁረዋል። ስለዚህ የቀለሁ ጥቁረት፣ የርግጫው መለስለስና ያልነደደው ፍሬ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ግፊት ጎድሏል።

የአባቶቻችን ባሩድና የዛሬው

በእጅ ጥይት መሙላት ለእኛ እንግዳ ሙያ አይደለም። ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ የፈረንሳዩ የ1874 ግራ ነው፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ነው። ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል በነበረበት ዘመን ባዶ ቀለህ አይጣልም ነበር፤ ተለቅሞ እንደገና ይሞላ ነበር። ይሁን እንጂ የውጅግራ ጥይት ሲሠራ ታስቦ የነበረው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ግማሽ የሚበልጠው ጭስና ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ዘመን ቱቦ ቢቆሽሽ ማንም አይደነቅም።

እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬ የተባለው ፈረንሳዊ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ከ2 ዓመት በኋላም የሌቤል ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ መተኮስ ጀመረ። የዛሬው ባሩድ የዚያ ዝርያ ነው። በሚገባ ሲነድ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ አያቶቻችን እንደ ተራ ነገር ያልፉት የነበረው ቆሻሻ ዛሬ ምልክት ነው። ሁለትና ሦስት ፍሬ አልፎ አልፎ መገኘቱ፣ በተለይ ዝግ ብለው በሚነድዱ ባሩዶች፣ የሚያስደነግጥ አይደለም። ፍሬው ከበዛ፣ ከጥላሸትና ከድምፅ መቀነስ ጋርም ከመጣ ግን ጥይቱ የሚነግረን ነገር አለ።

ምን ተለወጠ?

ባሩድ ከመጨመር በፊት ጠያቂያችን ራሳቸውን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ይኸው ነው፤ በሐምሌና በኅዳር መካከል ምን ተለወጠ? መልሱ ከሦስቱ አንዱ ይሆናል።

አንደኛ፣ የተተኮሰው ያው በሐምሌ የተሞላው ጥይት ከሆነ። እንግዲህ ባሩዱም ፕራይመሩም መጠኑም አልተለወጠም። የሚጠረጠሩት ብርድ፣ ቅባትና እርጥበት ናቸው።

ከብርዱ እንጀምር። አይ-90 የተባለው አውራ ጎዳና የሚጀምረው እዚሁ ሶዶ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ አዳኝ አንድ ሰዓት ያህል እንደሄደ ከ3,000 ጫማ በላይ ከፍታ ያለውን የስኖኳልሚ በር ያቋርጣል። በሐምሌ በ85 ዲግሪ ፋራናይት የተሞከረው ጥይት በኅዳር ማለዳ በ25 ዲግሪ ሊተኮስ ይችላል። ባሩድ ሲቀዘቅዝ ቀስ ብሎ ይያያዛል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ሙቀትና ብርድ በሚጎዳቸው ባሩዶች ላይ በየአንዷ ዲግሪ 1 ጫማ በሰከንድ ያህል ፍጥነት ይጠፋል ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ የ60 ዲግሪ ልዩነት 60 ጫማ ወይም ከዚያ በላይ ሊያሳጣ ይችላል። በደካማ መጠን የተሞላ ጥይት ከሆነ ይኸው ልዩነት ሳይነድ ለመቅረት ይበቃዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጥቂቱን ጥይት እርጥበት በማያስገባ ላስቲክ አሽገው በረዶ ባለበት ሳጥን ያቆዩት፤ ሌላውን እንዳለ ያምጡት፤ መለማመጃ ቦታ ሄደው ሁለቱንም በፍጥነት መለኪያ ላይ ይተኩሱ። ልዩነቱ በቁጥር ይታያል።

ቀጥሎ ቅባት። በቦልቱ ውስጥ የተቀባ ወፍራም ግሪስ በብርድ ይረጋና የመቺውን መርፌ ጉልበት ያዳክመዋል። ምልክቱ በተተኮሰው ፕራይመር ላይ ያለው ጉድጓድ ከወትሮው የሳሳ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ አጥቦ ማድረቅና እንደ ጥላ የሳሳ ዘይት መቀባት ብቻ ነው።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። የሲያትል ጋራዥና የመኪና ኋላ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አንነግርም። ለብዙ ወራት እዚያ የከረመ ጥይት መጀመሪያ የሚጎዳው በፕራይመሩ በኩል ነው።

ሁለተኛ፣ የተተኮሰው አዲስ የተሞላ ጥይት ከሆነ። እዚህ ላይ ተጠርጣሪው ይበዛል።

ከሚዛኑ ይጀምሩ። በዚህ ሙያ የባሩድ መጠን የሚነገረው በግሬን ነው እንጂ በግራም አይደለም። 1 ግራም 15.43 ግሬን ነው፤ 1 ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ሚዛኖች በአንዲት ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። እኛ በግራም ያደግን ሰዎች ሁለቱን ቃላት በአንድ ላይ ስንሰማ መምታታቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሚዛኑ ምን እንደሚያነብ እዩ፤ ክብደቱ በታወቀ መፈተሻም አረጋግጡት። የማሞቂያ ነፋስም ሆነ አጠገቡ የተቀመጠ ተንቀሳቃሽ ስልክ ሚዛን ሊያሳስት ይችላል።

ከዚያ ፕራይመሩን። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ፕራይመር ከየሱቁ ጠፍቶ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይገዛ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ጊዜ የተረፈ የተደባለቀ ክምችት ያለው ሰው ብዙ ነው። ክብ ፍሬ ያላቸው ባሩዶች፣ በተለይ በትልቅ ቀለህ ውስጥና በብርድ፣ ለመያያዝ ጠንካራ እሳት ይፈልጋሉ፤ የሙሌት መጽሐፉ ማግነም ፕራይመር ካዘዘ ተራው አይተካውም። ፕራይመሩ በሚገባ ወደ ውስጥ ካልገባም የመቺው መርፌ ጉልበት እሱን በማስገባት ያልቃል፤ እሳቱም ይደክማል። በጣት ሲዳሰስ ከቀለሁ ቂጥ እኩል ወይም በጥቂቱ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። በዘይት በተነካ እጅ የተያዘ ፕራይመርም አይታመንም።

ቀጥሎ የቀለሁን አንገት ይፈትሹ። አንገቱ እርሳሱን አጥብቆ ካልያዘ አክንባሎው ቶሎ ተነሣ ማለት ነው። የተሞላውን ጥይት ይዘው እርሳሱን ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በመጠኑ ይጫኑት፤ ወደ ውስጥ ከሸሸ አንገቱ ላልቷል። ደጋግሞ የተተኮሰ ነሐስ ይደርቅና ሲጫኑት መልሶ ይነጥራል፤ እንዲህ ያለው አንገቱ በእሳት እንዲለሰልስ ይደረጋል ወይም ይጣላል። ነሐሱን በውሃ የምታጥቡም አድርቁት። ላዩ ደርቆ ውስጡ ጠብታ የያዘ ቀለህ ባሩዱን ያረጥበዋል፤ በእኛ አየር ደግሞ በአንድ ሌሊት የማይደርቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ በሐምሌም በኅዳርም ሁልጊዜ እንዲህ ከሆነ። ያን ጊዜ ጥፋቱ በአሠራሩ ሳይሆን በምርጫው ላይ ነው። ባሩዱ ለያዙት እርሳስ ዝግ ያለ ይሆናል። ከባድ እርሳስ ቶሎ ስለማይንቀሳቀስ ለዘገምተኛ ባሩድ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ቀላሉ እርሳስ ግን ሳይጠብቀው ይሄዳል። ቀለሁ ግማሹ ባዶ ከሆነም ባሩዱ አንድ ጎን ይተኛና እሳቱ እኩል አያገኘው ይሆናል። የጠመንጃውም ቱቦ ካጠረ ዘገምተኛው ባሩድ የሚነድበት መንገድ ያጥረዋል። መፍትሔው ከመጽሐፉ ውስጥ ለዚያ እርሳስ የተጻፈ፣ ፈጠን ያለና ቀለሁን በደንብ የሚሞላ ባሩድ መርጦ ከዝቅተኛው መጠን እንደገና መጀመር ነው።

እዚህ ላይ ለአንዳንድ አባቶች አንድ ማስታወሻ አለን። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የደረሰው የቃኘው ሻለቃ የታጠቀው ኤም ዋን ጋራንድ የሚተኩሰው ይህንኑ ሠላሳ ኦ ሲክስ ጥይት ነው። ለመታሰቢያ ብላችሁ ኤም ዋን የገዛችሁ ካላችሁ፣ ለተራ ቦልት ጠመንጃ የሚሆን ዘገምተኛ ባሩድ ሁሉ ለእርሱ አይሆንም። በጋዝ የሚሠራ ስለሆነ ዘገምተኛ ባሩድ ወደ ጋዝ መውጫው ከልክ ያለፈ ግፊት አድርሶ የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ ሊያጎብጠው ይችላል። ለጋራንድ ተብሎ በመጽሐፍ የተጻፈውን መጠን ብቻ ተጠቀሙ።

ለምን አይጨመርም?

አሁን ወደ ወዳጅየው ምክር እንመለስ። ምክንያቱ ብርድ ነበር እንበል። ጠያቂያችን በኅዳር ባሩድ ጨመሩና ጥይቱ ጥሩ ተኮሰ፤ ሁሉም ተደሰተ። ያው ጥይት ግን በሣጥኑ ተቀምጦ ሐምሌ ይደርሳል። መኪና ውስጥ በመስታወት ሥር ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ብርዱ የቀነሰውን ግፊት ሙቀቱ ይመልሰዋል፤ የተጨመረው ባሩድም በላዩ ላይ አለ። ያን ጊዜ 60,000 የነበረው ወሰን ይታለፋል። ምክንያቱ ፕራይመር ከነበረም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ደካማውን ፕራይመር በባሩድ አካክሰው፣ ነገ ጠንካራውን ገዝተው በዚያው መጠን ቢሞሉ ውጤቱ አንድ ነው። ባሩድ በመጨመር ሕመሙ አይድንም፤ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል እንጂ፣ በዚያም ቀን ጠመንጃውን የያዘው ምናልባት ልጅዎ ሊሆን ይችላል።

መቀነስም ሁልጊዜ ደኅና አይደለም። ዘገምተኛ ባሩድን ከመጽሐፉ ዝቅተኛ መጠን በታች ማውረድ እርሳስ ቱቦ ውስጥ ከማስቀረቱ ሌላ፣ ያልተጠበቀ የግፊት ንረት አምጥቶ ጠመንጃ እንደሚያበላሽ የሙሌት መጻሕፍት ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ ከታችም ከላይም በመጽሐፉ ወሰን ውስጥ መቆየት ይገባል። አንድ ጊዜ የምትለውጡት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ የለወጣችሁትንም በደብተር ጻፉት። ፕራይመር ከለወጣችሁ ወይም አዲስ የባሩድ ዕቃ ከከፈታችሁ መጠኑን ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ጀምሩ።

ለጠያቂያችን የምንመክረው ቅደም ተከተል ይኸው ነው፤ ቱቦውን ይመልከቱ፤ ከቀሩት ጥይቶች ሦስቱን ፈትተው ባሩዱን በግሬን ይመዝኑ፤ ፕራይመሩንና አንገቱን ይዳስሱ፤ ቦልቱን አጥበው ያድርቁ፤ በመጨረሻም የቀዘቀዘውንና ያልቀዘቀዘውን ጥይት ያወዳድሩ። ብርዱ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ የሙቀት ለውጥ ብዙ የማይጎዳውን ባሩድ ከመጽሐፉ መርጠው ከዝቅተኛው ይጀምሩ።

ባሩዱ ራሱ መበላሸቱን የሚያሳየው ሽታው ነው። ደኅና ባሩድ ቀለል ያለ የመድኃኒት ሽታ አለው፤ የተበላሸው እንደ አሲድ አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ ቀይ ብናኝ ወይም ቡናማ ጭስ ያወጣል። እንዲህ ያለው ጥይት ውስጥ አይገባም፤ ቤት ውስጥም አይቆይም፤ አምራቹ ባዘዘው መሠረት ይወገድ። እንዲሁም እኛ ሰዎች ባዶ ጠርሙስ መጣል አይሆንልንም፤ የቡናው ጣሳ ለበርበሬ፣ የማሩ ጠርሙስ ለቅቤ ይሆናል። ባሩድ ግን ከመጣበት ዕቃ አይዘዋወር። ሁለት የተለያዩ ባሩዶች ለዓይን አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ስሙ የጠፋውን ባሩድ በግምት መጠቀም በገዛ እጅ ፊት ላይ መተኮስ ነው። ከሰው በልመና የመጣ፣ ስም የሌለው ባሩድም ያው ነው።

«ከሸፈ» የሚለው ቃላችን ከጠመንጃ የመጣ ነው ይባላል። ዛሬ ለሠርግም ለንግድም ለስብሰባም እንጠቀምበታለን። ስብሰባ ቢከሽፍ ሌላ ቀን ይጠራል። የከሸፈ ጥይት ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ በላዩ ላይ ሌላ አይተኮስበትም።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን።